ገጽ አስራ አንድ ላይ ያለችው ተማሪ

«ይህችን ልጅ ማየት እችላለሁ?»

መምህር ገብረየስ ደነገጠ... የትኛዋን ልጅ?

ሴትዮዋ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ዝቅ አድርገው ጣታቸውን ፋይሉ ላይ አሳረፉ።

«ገጽ አስራ አንድ ላይ የጠቀሷትን ነዋ!»

ነገሩ እንዲህ ነው...

ገብረየስ ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የአራተኛ ክፍል አስተማሪ ነው።

የሙያ ፈቃድ ለማግኘት የጽሑፍ ፈተናውን እንደ ምንም ብሎ አልፏል። የቀረው ማህደረ ተግባሩ ነበር... አንድ መምህር ክፍል ውስጥ የሠራውን በማስረጃ የሚያሳይበት ፋይል።

ባልደረቦቹ ቅዳሜ እሁድ ሳይሉ የተማሪዎቻቸውን ሥራ ሲሰበስቡ፣ እቅዳቸውን ሲያደራጁ ከረሙ።

ገብረየስ ሳቀባቸው።

«እናንተ ስትለፉ ኑሩ!» አለና ፒያሳ ወደምትገኝ አንዲት ኮፒ ቤት ጎራ አለ። የማያውቀውን ሰው ፋይል በፍላሽ አስገለበጠ... ስም አስቀየረ... አስጠረዘ... አለቀ!

ገልጦ እንኳ አላነበበውም።

ይሄው ሰው ግን ተማሪዎቹ የቤት ሥራ ሲኮራረጁ ከያዛቸው በር ላይ ያንበረክካቸዋል።

አሁን መዛኟ ወይዘሮ አባይነሽ ቢሮ ውስጥ ፊቱ ተቀምጠዋል። ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ ሴት ናቸው። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡለት...

«ተማሪ 'ሀ' በደንብ እንደማትሰማ ደረስኩበት... ፊት ወንበር አስቀመጥኳት... አፌን እያየች እንድትከታተል ወደ እሷ ዞሬ ማስተማር ጀመርኩ... ውጤቷ ተሻሻለ።»

ፋይሉን ዘጉት።

«እንዴት ደስ እንዳለኝ መምህር! እስቲ ያስተዋውቁኝ።»

ገብረየስን ላብ አጠመቀው።

ግን ውሸታም መውጫ አያጣም... ስሟ አልተጻፈም እኮ! ማንንም ቢያመጣ ማን ያውቃል?

ወደ ክፍሉ ሮጠ። ስልሳ ልጅ አለ... ማንን ይምረጥ? ወሬኛዋን? ታጋልጠዋለች። ጎበዟን? «ለምን?» ትለዋለች።

ዓይኑ ታቢታ ላይ አረፈ።

ዝምተኛዋ ታቢታ... ቢጠይቋት የማትመልስ፣ ቢቆጧት የማትከራከር። ለእንዲህ ያለ ሥራ ከሷ የተሻለ የት ይገኛል!

ኮሪደሩ ላይ አቆማትና ማንም እንዳይሰማው በሹክሹክታ...

«ሴትዮዋ ሲያናግሩሽ እንዳልሰማሽ ሁኚ፣ እሺ?»

ታቢታ ፊቱን አየችውና ራሷን ነቀነቀች።

«ይቺውና፣ ታቢታ ትባላለች» ብሎ አስገባት።

ወይዘሮ አባይነሽ ከኋላዋ ዞረው ቆሙ።

«ታቢታ!»

አልዞረችም።

አጨበጨቡ... ወፍ የለም። የቁልፍ ዘለላቸውን ወለሉ ላይ ጣሉት... ንቅንቅ አላለችም።

ገብረየስ በሆዱ ሳቀ። «አቤት ተዋናይ! ይቺን የመሰለች ልጅ የት ተደብቃብኝ ኖሯል?»

«በሉ የምትቀመጥበትን ያሳዩኝ» አሉት።

ክፍል ገቡ። ወይዘሮ አባይነሽ ቦታሽ ላይ ተቀመጪ ብለው በእጃቸው ምልክት ሰጧት።

ታቢታ የፊቱን ወንበር አለፈች... መሃለኛውን አለፈች... የመጨረሻው ጥግ ሄዳ ቁጭ አለች።

«ለምንድነው ኋላ የምትቀመጠው?» ብለው ልጆቹን ጠየቁ።

አንዱ ብድግ አለ። «እሷ ደንቆሮ ናት! ቲቸር ነው ያላት!»

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ።

ታቢታም ሳቀች... ሁሉም ሲስቅ አይታ።

ወይዘሮ አባይነሽ ገብረየስን በሩ ድረስ ወሰዱት። ፊታቸው ተለዋውጧል።

«እንደማትሰማ እያወቁ ኋላ ጥለዋታል። ደንቆሮ ብለው ሰድበዋታል። ይህን እጽፋለሁ።»

ገብረየስ ከሁለት ነውር አነስ ያለውን ለመምረጥ ቸኮለ።

«ኧረ ወይዘሮ አባይነሽ! እውነቱን ልንገርዎት... ልጅቷ ጆሮዋ ደህና ነው! እንዳልሰማሽ ሁኚ ያልኳት እኔ ነኝ። ፋይሉም የኔ አይደለም... ይማሩኝ!»

«እንዴት ብለው ነው የነገሯት?»

«ቀስ ብዬ... በሹክሹክታ።»

«እሱንም አልሰማችዎትም'ኮ።»

ከት ብሎ ሊስቅ ነበር... ግን ዓይኑ ወደ ኋላው ጥግ ሄደ።

ታቢታ ደብተሯ ላይ አቀርቅራ ትጽፋለች።

«ይጥሯት» አሉት።

«ታቢታ» አለ።

ዝም።

«ታቢታ!» ብሎ ጮኸ። ስልሳው ልጅ ሁሉ ቀና አለ... ከአንዷ በቀር።

ዓመቱን ሙሉ ያላያትን ልጅ ያን ቀን አያት።

በማግስቱ እናቷ ተጠርታ መጣች።

«ስጠራት ዝም ስትለኝ እልኸኛ መስላኝ ነበር... አስተማሪዋም ሰነፍ ናት አለኝ» ብላ አለቀሰች።

ሐኪም ሲያያት ሁለቱም ጆሮዎቿ ታመው ለዓመታት ሳይታከሙ መቆየታቸው ታወቀ። ሕክምና ጀመረች። ወደ ሌላ ክፍልም ተዛወረች፤ አዲሷ አስተማሪ ፊት አስቀመጠቻት። በሦስተኛው ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን አወጣች አሉ።

ገብረየስስ?

ፈቃዱን ተከለከለ። አፍሮ አንገቱን ይደፋል ብላችሁ ጠበቃችሁ አይደል?

የቅሬታ ደብዳቤ አስገባ! በራሱ እጅ የጻፈው ብቸኛ ወረቀት እሱ ሳይሆን አይቀርም። እንዲህ ይላል...

«ተማሪዋ የመስማት ችግር እንዳለባት በወቅቱ አላሳወቀችኝም።»

አላሳወቀችኝም! የአስር ዓመት ልጅ!

ወዳጆቼ... ሌላ ሰው የደከመበትን ሥራ በስምህ ማስጠረዝ ትችላለህ። ልጅቷን ግን ማንም አስተምሮ አይሰጥህም። ሰነፍ ነው፣ ደደብ ነው ብለህ ከመፍረድህ በፊት ቀረብ ብለህ ተመልከት... ምናልባት የተቸገረ ልጅ ነው።

እስቲ ፍረዱ... እናንተ በወይዘሮ አባይነሽ ቦታ ብትሆኑ ገብረየስ በዓመቱ እንደገና እንዲመዘን ትፈቅዱለታላችሁ? ወይስ ከሰሌዳ ፊት ለዘላለም ታነሱታላችሁ?

ኮመንት ላይ ጻፉልኝ... መምህራን፣ በተለይ እናንተ!