ቁጥር አንድ ፋይል

«ሌባ!»

አልኳት... ቦንጋ መናኸሪያ ፊት ለፊት፣ ባጃጁ ሁሉ ቆሞ እስኪያየን ድረስ።

«የእኔን የአሮጊቷን ወረቀት ሸጠሽ ልትበዪ? ሌባ!»

ፀደንያ ፎቶ ኮፒ ቤቷ በር ላይ ነበረች። ቀለም የነካው እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«እትዬ በዛወርቅ... እኔ ወረቀትዎን ለማንም አልሰጠሁም።»

«ዝም በይ!»



ምላሴን ቦንጋ ያውቀዋል። ሰው ሲከበኝ ደግሞ ይብስብኛል...

ነገሩ እንዲህ ነው።

ልጄ ልዑልቃል ኮምፒውተር ተምሯል። ሦስተኛ ክፍል ያልጨረስኩት እኔ የተማረ ልጅ አለኝ ብዬ ገበያውን አንገቴን ቀጥ አድርጌ ነው የምሄድበት።

አምና አንድ የቡና አምራቾች ማኅበር ዌብሳይት አሠራው። አባል መሆን የፈለገ መታወቂያውን፣ የመሬት ደብተሩንና ፊርማውን በዚያ ይልካል።

እኔም ሺሺንዳ ላይ ባለቤቴ ሣህሌ ጥሎልኝ የሞተ የቡናና የኮረሪማ መሬት አለኝ። ሌላ ምንም የለኝም።

ልጄን «ላክልኝ» ብለው... «እማዬ ሥራ ላይ ነኝ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ይልኩልሻል» አለኝ።

ወረቀቴን በፌስታል ይዤ ፀደንያ ጋ ሄድኩ።

ኮምፒውተሩን ነካካችና... «እትዬ፣ እኔ ይሄን አልልክልዎትም» አለች።

«ለምን? የልጄ ሥራ አልመጠነሽም?»

«ይምጡ፣ በዓይንዎ ይዩት።»

የዌብሳይቱ አድራሻ መጨረሻ ላይ ለእኔ የተሰጠ 212 የሚል ቁጥር አለ። አጥፍታ 211 ብላ ጻፈች... የጎረቤቴ የጋሽ ቢሻው መታወቂያ ዱብ አለ!

«ውይ! ይሄ ሰውዬ ፎቶ ላይም ይኮሳተራል እንዴ?» ብዬ ሳቅኩ።

ከዚያ ሳቄ ቆመ።

«የማንም ወረቀት ለማንም ይከፈታል» አለች። «ማነህ ብሎ የሚጠይቅ የለውም። ለልጅዎ ሁለቴ ደውዬ ነግሬዋለሁ።»

«ምን አለሽ?»

«የገበሬ ወረቀት ማን ይሰርቃል፣ አለኝ።»

ተናደድኩ... በልጄ አይደለም፣ በእሷ! ወረቀቴን ከእጇ ነጥቄ ወጣሁ። ግን ሳልፈራ አልቀረሁም፤ ሳልልከው ሳጥኔ ውስጥ ቆለፍኩበት።

ሦስት ወር አለፈ።

ኅዳር ላይ ቡናዬን ላስለቅም ሺሺንዳ ብሄድ... የማላውቀው ሰው ሠራተኛ አሰማርቶ ቡናዬን እያስለቀመ ነው!

«በማን መሬት ላይ ነህ አንተ?» ስለው ውል አወጣ። መሬቱን ለሃያ አምስት ዓመት አከራይቼዋለሁ ይላል። ከሥሩ ፊርማዬ አለ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ እያላበኝ የተማርኳት «በዛወርቅ»... «ዛ» እግሯ እንደተንጋደደ።

ፀደንያ ጋ ካልሆነ ከሳጥኔ ያልወጣ ወረቀት! ከእኔ ሌላ ያየው ማነው? ፀደንያ ብቻ።

መናኸሪያ ሄጄ የጮህኩት ለዚህ ነው።

ከሰስኳትና ሁለት ቀን ፖሊስ ጣቢያ ታስራ ቆየች። ማስረጃ ጠፍቶ ተለቀቀች፤ ግን ቤት አከራይዋ «ሌባ የተባለ ሰው አላስቀምጥም» ብሎ አስወጣት። ማሽኗን ባጃጅ ላይ ጭና ስትሄድ አየኋት... ደስ አለኝ።

ልጄ አጠገቤ ቆሞ ነበር። «እማዬ፣ በቃ ተያት» አለኝ። አንጀቱ ሩኅሩኅ ነው ብዬ ኮራሁበት።

የመሬቱ ጉዳይ ፍርድ ቤት ቀረበ።

ሰውየው ከውሉ ጋር የደብተሬንና የመታወቂያዬን ቅጂ አያይዟል። ፍርድ ቤቱ የጠራው ሰሚር የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ ቅጂውን አገላብጦ፣ ከታች ጠርዙ ላይ ያለች ደቃቅ ጽሑፍ አሳየኝ።

«እናቴ፣ ይሄ ወረቀቱ ሲታተም አብሮ የወጣ አድራሻ ነው። የማኅበሩ ዌብሳይት ነው። መጨረሻው ላይ ያለውን ቁጥር ያነቡልኛል?»

ቁጥር አይጠፋኝም።

«አንድ።»

«የመጀመሪያው ፋይል ማለት ነው። ዌብሳይቱ ለሰው ሳይከፈት የገባ። እርስዎ ፀደንያ ጋ ከመሄድዎ ሁለት ወር በፊት።»

«ማነው ያስገባው?»

ሰሚር ዞሮ አጠገቤ የቆመውን ልጄን አየው።

ልዑልቃል መሬት መሬቱን እያየ... «እማዬ... መሥራቱን ለመሞከር ወረቀት አስፈልጎኝ ነበር። ሳጥንሽ ክፍት ነበር፤ ፊርማሽ ያለባቸውን ወረቀቶችሽን ፎቶ አነሳሁና አስገባሁ። በኋላ ማጥፋቱን ረሳሁት።»

«ልጅቷ ስትታሰርስ?»

«ሥራዬን አጣለሁ ብዬ...»

መሬቴ ተመለሰልኝ። 

ፀደንያን ፈልጌ ፈልጌ ቢታ ገነት የምትባል ከተማ አገኘኋት። አንድ ጠባብ ቤት ውስጥ፣ ያንኑ ማሽን ይዛ። ወንበር ሰጠችኝ። ለማንም ጎንበስ ብዬ የማላውቀው ሴትዮ እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዘችኝ።

«ይቅርታዎን ተቀብያለሁ፣ እትዬ» አለች። «ግን እዚህ ማን ሰማን? ሌባ ያሉኝ ቦንጋ መናኸሪያ ነው።»

ደንበኛ መጣባትና ተነሳች።

በማግስቱ መናኸሪያው ጋ ቆምኩ። «ፀደንያ ሌባ አይደለችም! የዋሸሁት እኔ ነኝ!» ብዬ ጮህኩ።

አንድም ባጃጅ አልቆመም።

ስለዚህ እዚህ ኢንተርኔት ላይ፣ እናንተ በበዛችሁበት፣ በአንድ ጣት ፊደል እየለቀምኩ ጻፍኩት።

ኮድ የምትጽፉ ልጆች... የሰው ወረቀት የምታስቀምጡበት ቤት «ማነህ?» ብሎ የሚጠይቅ በር ይኑረው። መሞከሪያ ካስፈለጋችሁ የውሸት ወረቀት ሥሩ፣ የእናታችሁን ሳጥን አትክፈቱ። «በራችሁ ክፍት ነው» ብሎ የነገራችሁንም ምቀኛ አትበሉት።

እኔን የምትመስሉ እናቶች ደግሞ... በልጃችሁ ኩሩ። ግን የልጃችሁን ስም ለማዳን የሰው ልጅ ስም አትግደሉ።

ልጄ ትናንት መጥቶ «እማዬ፣ ስሜን ከጽሑፉ አውጪልኝ» ብሎ ለመነኝ።

የፀደንያን ስም ሳጠፋ እሱ «እማዬ፣ ተሳስተሻል» አላለኝም ነበር። ስሙን እንዳለ ተውኩት።

እናንተ ብትሆኑ የልጃችሁን ስም ታወጡለት ነበር ወይስ ትተዉት ነበር? ጻፉልኝ... ቀስ እያልኩ ሁሉንም አነባለሁ።