ማር የመሰለው ዘይት

ሦስተኛውም የአየር ሴንሰር ሞተ። አይሱዙው ባዶውን እንኳ ዳገት እምቢ ብሎ ከአውቶቡስ ተራ ተጎትቶ ጋራዡ ገባ።

የጋራዡም የመኪናውም ባለቤት ሽኩር ለሰላት ሲወጣ ጣቱን መካኒኳ ፀደንያ ላይ ቀሰረ። «ወይ ዕቃውን የሸጠልን ረዲ ሌባ ነው፣ ወይ ያንቺ እጅ አይረባም። ስመለስ ቁርጡን ንገሪኝ። ከዛሬ በኋላ ከሁለት አንዳችሁን እዚህ ግቢ አላይም።»

ሃያ ደቂቃ አላት። ሴንሰሩን ፈትታ ወደ ብርሃን አወጣችው። ፀጉር የምታክል የጋለች ሽቦ የሚገባውን አየር ትለካለች፤ ኮምፒውተሩ በዚያ ልክ ናፍጣ ይሰጣል። ሽቦዋ ከዋሸች ሞተሩ ይራባል።

የተቃጠለ ሽቦ ደረቅ ነው። ይቺ ግን ታብረቀርቃለች። ፀደንያ በጥጥ ነካ አድርጋ አሸተተችው። ዘይት።

«ኢንጂነሯ፣ ዩኒቨርሲቲ ማሽተትም ያስተምራል እንዴ?» አሉ ሾፌሩ ጋሼ ዘመድኩን፣ አሮጌ ጎማ ላይ እንደተቀመጡ። «ሞተሩ ተፍቶባት ይሆናላ።»

«ሞተር የሚተፋው ጥቁር ነው ጋሼ። ይሄ ማር መስሏል። አዲስ ዘይት ነው።»

አዲስ ዘይት እዚያ ምን ይሠራል? ከሴንሰሩ በፊት ያለው የአየር ፊልትሮው ብቻ ነው። የሽኩር ነገር ከጭንቅላቷ ወጣ። የፊልትሮውን ክዳን ስትከፍት ካቻቢቴው ሁለቴ ከእጇ አመለጣት። ወረቀቱ ሻይ ውስጥ እንደተነከረ ዳቦ ከብዶ ወጣ።

«ይሄን ማነው ዘይት ያጠጣው?»

«እኔ ነኛ!» ጋሼ ዘመድኩን ደረታቸውን ነፉ። «ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በገዛ እጄ። የጣሊያኗን የጭነት መኪና፣ ኤንትሬን፣ አሥራ አምስት ዓመት ስነዳ፣ የአየር ፊልትሮዋ ዘይት ውስጥ ነበር የሚቀመጠው። አቧራው እዚያው ሰምጦ ይቀራል። አንድ ቀን አስሏት አያውቅም!»

«ጋሼ፣ የዚህኛው ወረቀት ነው። በደረቁ ነው የሚሠራው።»

ሽቦዋ ላይ ማጽጃ ነፍታ ሴንሰሩን መለሰችና ሞተሩን ያለ ፊልትሮ አስነሳች። ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር ያያዘችው ስካነር ላይ የአየሩ ቁጥር በእጥፍ ዘለለ። ፀደንያ ሳቋ አመለጣት።

ጋሼ ዘመድኩን ቁጥሩን አዩ። ፊልትሮውን አዩ። ጠረጴዛው ላይ የተጣሉትን ሁለት አሮጌ ሴንሰሮች አዩ።

«እነዚያም?»

«እነዚያም። አልሞቱም፤ ታፍነው ነው።»

ሽኩር ከመስጊድ ተመልሶ ወደ ቢሮው እየገባ ተጣራ። «እህ፣ ፀደንያ! ሌባ ነው ወይስ እጅ?»

አፏን ከፈተች። ሽማግሌው ግን ቀድመዋት ፊልትሮውን አንስተዋል።

«በጨርቅ ልጠቅልልዎት፣ ልብስዎን ያበላሻል።»

«ተይው፣ ይታይ።»

ግቢውን አቋርጠው ሄዱ። ማር የመሰለው ዘይት ሲሚንቶው ላይ ጠብ ጠብ እያለ ተከተላቸው። የቢሮው ደፍ ላይ አንዴ ቆም አሉ፤ ከዚያ ገቡና በሩን ከውስጥ ዘጉት።