ከላፕቶፑ በኋላ

ሁለተኛው የዱላ ምት ላፕቶፑን ለሁለት ሰነጠቀው። ሦስተኛው የፈይሩዛ ክንድ ላይ አረፈ፤ አጥንቷ ሲሰበር ራሷ ሰማችው። ወጣቷ ጠበቃ አሰላ ባለችው አንድ ክፍል ቢሮዋ ውስጥ ግድግዳ ተደግፋ ወደ ወለሉ ተንሸራተተች። ሚፍታ የሟች ወንድሙን ሚስት ሀሊሜን ሲደበድብ የሚያሳየው ቪዲዮ እዚያ ላፕቶፕ ውስጥ ነበር።

"እስቲ አሁን ለዳኛው አሳዪ፣ የኔ ጠበቃ" አለ እያለከለከ። ከኮቱ ኪስ የእርቅ ውልና የማኅተም ቀለም አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። "ነይ ፈርሚ፣ ሀሊሜ። ክሱም ያልቃል፣ ሳጉሬ ያለው የወንድሜ መሬትም ለኔ ይሆናል።" ሀሊሜ ከቆመችበት ጥግ ቀርባ አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ አሳረፈች። ፈይሩዛ ዝም ብትል ሰውየው ወረቀቱን ይዞ ይሄድላቸው ነበር።

"አዴ ሀሊሜ፣ እንዳይፈርሙ" አለች። "ቪዲዮውን ኢንተርኔት ላይም አስቀምጬዋለሁ። ከየትኛውም ስልክ ይከፈታል።"

ሚፍታ ዱላውን መልሶ አነሳ። "ፓስወርዱን ማን ያውቃል?"

ከፈይሩዛ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ እሱም ይህን ከፊቷ አነበበ። ተጠግቷት ዱላውን ከጭንቅላቷ በላይ ከፍ አደረገ።

"እኔም አውቀዋለሁ" አለች ሀሊሜ ከኋላው። ኮምፒውተር በእጇ ነክታ አታውቅም። "እሷን ብቻ ብትገድል ምን ይጠቅምሃል?"

ቀለም የነካ ጣቷን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ፣ በእሱና በጠበቃዋ መካከል ገብታ ቆመች።