ጎረቤቱን ፖስት ያደረገው የእድር ሊቀመንበር

መጋረጃውን ገለጥ አደረገና ስልኩን ወደ መስኮቱ አስጠጋ...

ከአጥሩ ማዶ እሳት ይነዳል። ከበሮ ይመታል። ሰዉ ዙሪያውን ተቀምጧል፤ መኪናው መንገዱን ሞልቶ የሱ ድራይቭዌይ፣ የመኪና መግቢያው አፍ ላይ ደርሷል።

ሰረቀብርሃን ማለት ሚኒሶታ፣ ዌስት ሴንት ፖል ያለ ሐበሻ ሁሉ የሚያውቀው የእድር ሊቀመንበር ነው።

ለቅሶ ቤት ሰው የሚያስተባብረው እሱ፣ ሻይ የሚያስፈላው እሱ... የቀረ ሰው ካለ ደግሞ ወዮለት! «ሥራ ነበረኝ» ብትሉት አይሰማም። «ሬሳ ሺፍት አይቀያየርም» ይላችኋል።

ጎረቤቶቹ የዚህ አገር ነባር ሕዝቦች ናቸው። ኦጂብዌ የሚባሉት።

ይህን ያህል ዘመን አጥር ሲጋሩ ስማቸውን እንኳን ጠይቆ አያውቅም። «ይጠጣሉ» የሚል ወሬ ሰምቶ እሱኑ ይዞ ቀረ። ከማን ሰማ? ከሥራ ባልደረባው። ባልደረባውስ ከማን ሰማ? እንጃ!

ቀረጸ። ፖስት አደረገ። ከሥሩም «ቀይ ህንዶቹ ዛሬም ሰክረው ሰፈሩን ሊያቃጥሉ ነው» ብሎ ጻፈበት። አልበቃውም... የመንገዱን ስም ጨመረ።

ወገኖቼ፣ ኮሜንቱ ጎረፈ።

አንዱ ይስቃል። አንዷ መንግሥት በነጻ እየቀለባቸው ነው ትላለች። ሌላው በዓይኑ አይቷቸው የማያውቃቸውን ሰዎች ሰነፍ ናቸው ይላል። አንድ የሰፈር ሰው ደግሞ በእንግሊዝኛ አድርጎ የሰፈሩ ግሩፕ ላይ ለጠፈው፤ እዚያ የባሰ ስድብ ወረደ።

እኛን ስደተኞቹን የሚሰድቡበት ስድብ እኮ ነው፣ ቃል በቃል! ማንም ግን ልብ አላለም።

ሰረቀብርሃንም አላረፈ። ይቀመጣል፣ ይነሳል... ላይኩን ያያል፣ መስኮቱ ጋ ይሄዳል፣ ይመለሳል።

በዚህ መሀል ሳይረን ተሰማ።

ፖስቱን ካዩት አንዱ «ቤት እየተቃጠለ ነው» ብሎ ደውሎ ኖሯል። የእሳት አደጋ ሰዎች ገብተው ውኃ ለቀቁበት። ከበሮው ቆመ።

አንዲት ሽበታም አሮጊት ከወንበራቸው ተነሱና እርጥቡን አመድ ቁልቁል እያዩ ቆሙ...

ልጁ ቤዛዊት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቪዲዮውን አሳያት። ትስቃለች ብሎ ነበር።

ቤዛዊት ሚኒሶታ ነው የተወለደችው። በአማርኛ ሲያናግሯት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልሰው። ያን ቀን ግን ቃሉን ፈልጋ አገኘችው።

«ዳድ... ለቅሶ ነው እኮ።»

የሞቱት የጎረቤቱ ቤት አባወራ ናቸው፤ ቨርኖን ይባላሉ። የልጅ ልጃቸው ከቤዛዊት ጋር ነው የምትማረው። እሳቱ አራት ቀን ሳይጠፋ መንደድ አለበት፤ የሟች ነፍስ መንገዷን የምታገኘው በእሱ ነው። ተራ ገብተው የሚጠብቁት ለዚህ ነው አለችው። መቅረጽ ደግሞ ጭራሽ ነውር ነው።

ሰረቀብርሃን ስልኩን ከእጇ ወሰደ።

የእድር ሊቀመንበሩ ለቅሶ በተነ...

ቪዲዮውን አጠፋው። ግን የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። በየገጹ ተገልብጧል። «እባካችሁ አውርዱት» ብሎ ቢለምን፣ ሊቀመንበራችን ፈራ ብለው ሳቁበት።

አሁን ይቅርታ ለመጠየቅ ምን ይዞ ይሂድ? ቤዛዊት ጓደኛዋን ጠየቀችለት። እነሱ ጋ ይቅርታ የሚለምን ሰው ትንባሆ ይዞ ነው የሚሄደው አለቻት።

ትንባሆ!

ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ሲያይ አፍንጫውን ይዞ መንገድ የሚቀይር ሰው እኮ ነው። ጋዝ ስቴሽን ገብቶ ትንባሆ ሲገዛ ከኋላው ማን ቢቆም ጥሩ ነው? ማሚት! አብራው ሰንበቴ የምትጠጣው።

ትንባሆውን አየች፣ እሱን አየች፣ አማተበች።

ለለቅሶ ነው ቢላት የባሰ አማተበች።

ትንባሆውን ይዞ የጎረቤቱ ጓሮ ገባ። እሳቱን እንደገና አቀጣጥለውታል። አንድ ጎረምሳ ሊያስወጣው ሲነሳ አሮጊቷ በእጃቸው መለሱት። የሟች ባለቤት ናቸው፤ ዶሪን።

ሰረቀብርሃን ትንባሆውን በሁለት እጁ ዘረጋ። ቪዲዮውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ፣ እሳቱ የጠፋው በኔ ነው አላቸው። አንድ ተራ እሳቱን ልጠብቅ ብሎም ለመነ።

ዶሪን አልተቀበሉትም። እጁ እንደተዘረጋ ቀረ...

«ባለፈው፣ በረዶው የከበደ ጊዜ፣ እናትህ ሞተውብህ ነበር» አሉት።

ደነገጠ። መርዶውን የተረዳ ጊዜ ቤቱ ሰው ሞልቶ፣ ሴቶቹ ደረት እየመቱ፣ መኪናው መንገዱን ዘግቶት ነበር።

«ሰፈሩ ፖሊስ ሊጠራባችሁ ነበር» አሉ ዶሪን። «ጩኸት ብቻ ነው የምንሰማው። ቨርኖን ግን ኮቱን ለበሰና በየቤቱ እየዞረ አንኳኳ። ሰው ሞቶባቸው ነው፣ ተዉአቸው፣ ያልቅሱ አላቸው። በምን አወቅህ ብዬ ብጠይቀው፣ ሰዎቹ ሳይስቁ ምግብ ተሸክመው ሲገቡ አየሁ አለኝ። እናትህ መሆናቸውን ከልጅህ የሰማነው በኋላ ነው።»

ሰረቀብርሃን እዚያው ዘፍ ብሎ አለቀሰ። አንድ ቀን ሰላም ላላለው ሰው... እንደ አባቱ አለቀሰለት።

ዶሪን ያኔ ነው ትንባሆውን ከእጁ የወሰዱት። እንጨቱ የት እንደተከመረም አሳዩት።

ወዳጆቼ... ዘረኝነት የነጭ ብቻ ኃጢአት አይምሰላችሁ። ስለ አንድ ሕዝብ የሰማነውን ሳናጣራ ስንደግም፣ ስንስቅ፣ ሼር ስናደርግ እኛም ሠርተነዋል። የተሰደበ ሰው ሌላውን ሲሳደብ ማየት ደግሞ ያሳፍራል።

እስኪ እውነቱን ንገሩኝ...

ከአጥራችሁ ማዶ የሚኖረው ሰው ስሙ ማን ነው?

የምታውቁ ኮሜንት ላይ ጻፉት። የማታውቁ ግን ስልኩን አስቀምጡና ሄዳችሁ አንኳኩ።