ቁምሳጥኑ የማን ነው

ነጩን ከነጭ፣ ሰማያዊውን ከሰማያዊ፣ ጥቁሩን ወደ ዳር። ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። ልብስ በቀለም ሲደረደር ደስ ይለኛል፣ ምን ላድርግ? ትናንትም እንዲሁ ደርድሬ ነበር የዘጋሁት። ዛሬ ስከፍተው ሱፉ በግራ፣ ስሱ በቀኝ ሆኗል፤ የመስቀያዎቹም አፍ ሁሉ ወደ ውስጥ ዞሯል። እሳት ቢነሳ ሁሉንም በአንድ እቅፍ ለማውጣት እንዲህ የምትሰቅለው አስላውግ ነበረች። አስላውግ የባሌ የመጀመሪያ ሚስት ናት። ከሞተች ሦስት ዓመቷ።

ደሜ ፈላ። መስኮቱን በርግጄ ወደ ታች ጮህኩ። ሃልቫርድ ግቢው ውስጥ የባንዲራውን ምሰሶ ነጭ ቀለም ይቀባል፤ ነገ በዓል ነው፣ ኖርዌይ በሙሉ የየአገሩን ልብስ ለብሶ የሚወጣበት ቀን።

“አንተ ሰውዬ፣ ቁምሳጥኔን ማነው የሚያተራምሰው?”

“እኔ የራሴን ካልሲ መች አገኛለሁና ነው ያንቺን የማተራምሰው?” አለ ቀና ብሎ። “ይልቅ ጠዋት ስጠራሽ ለምን ዘጋሽኝ? ሰማያዊ ቀሚስሽን ለብሰሽ በፖም ዛፎቹ ሥር ስታልፊ ሦስቴ ተጣራሁ። ዞር እንኳን አላልሽም!”

“ጠዋት እኔ ዳቦ ልገዛ ሄጄ ነበር። ዓይንህን ታይ!”

“እንግዲያው ቆንጆ ጎረቤት አለችን ማለት ነው” ብሎ ሳቀና ወደ ቀለሙ ተመለሰ።

እዚህ ቤት ከገባሁ አራተኛ ወሬን ይዣለሁ። ድስቱ የሷ፣ መጋረጃው የሷ፣ የፖም ዛፎቹም እሷ የተከለቻቸው። እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የለመንኩት፤ ይሄ ቁምሳጥን የኔ ይሁን። እሱም ካልሆነ ሻንጣዬ አልጋው ሥር ነው፣ ወደ ሰሜን ወደ እናቴ ቤት እመለሳለሁ ብዬ ለራሴ ምያለሁ።

የቀረችው ተጠርጣሪ ጉንቮር ናት፣ የባሌ ታላቅ እህት። የቤታችን ቁልፍ አላት። ይህን ሳስብ ራሷ ደረጃውን እያለከለከች ወጣች። የአስላውግን ቀይ የበዓል ልብስ ለልጇ ልትወስድ ነው የመጣችው።

“አሁንም ትደረድሪያለሽ? ሱቅ ልትከፍቺ ነው እንዴ?”

“አንቺ ተደብቀሽ እየመጣሽ ባታፈርሺብኝ ድሮ ጨርሼ ነበር።”

“እኔ? ይሄን ጉልበት ይዤ?” ጉልበቷን ደበደበችው። “ደግሞ አንቺም ብትተዪው ይሻልሻል። አስላውግ በሕይወት ሳለችም ልብሷን ሲነኩባት አትወድም ነበር።”

ቀዩን ልብስ አወረደችና ገለበጠችው። እነዚህ ልብሶች ከአሥራ አምስት ዓመት ዕድሜ ጀምሮ እስከ መቃብር የሚለበሱ ስለሆኑ ትርፍ ጨርቅ በውስጥ ታጥፎ ይሰፋባቸዋል፤ ለባሿ ስትወፍር ይፈታል፣ ስትከሳ ይጠባል። ጉንቮር የሰፈሩን ሴት ሁሉ ስፌት ታውቃለች፣ የተሳሳተ ካየች ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አቁማ ነው የምትሳደበው። አሁን ግን ፊቷ ተለዋወጠ።

“ማነው የፈታው? አስላውግ መቃ ነበረች። ይሄ ወገብ አንድ ስንዝር ሰፍቷል። ቁመቱም አጥሯል! አንቺ ሴትዮ፣ የሙት ልብስ በልክሽ አሰፋሽ?”

“እኔ? ቁልፍ እንኳን መትከል የማልችለው?”

“ልበሺዋ!”

እልክ ይዞኝ ለበስኩት። እንደማይሆነኝ አሳይቼ ላሳፍራት ነበር። እኔ አጭር ነኝ፣ ወገቤም ወፈር ያለ ነው። የብር ቁልፎቹ ግን አንድ ባንድ ገጠሙ፣ እስከ አንገቴ ድረስ። እናቴ ያሰፋችልኝ ልብስ እንኳን እንዲህ ልክክ ብሎልኝ አያውቅም።

ጉንቮር መነጽሯን አድርጋ ጠርዙ ላይ አጎነበሰች። ስፌቱን በጥፍሯ ተከተለች።

“ሦስት ሦስት ቋጠሮ” አለች በመጨረሻ፣ ድምጿ ቀጥኖ። “በግራ እጅ የተሰፋ። ክሩ ደግሞ ገና አዲስ ነው። እንዲህ የምትቋጥር አንዲት ሴት ነበረች፣ እሷንም በነዚህ እጆቼ ነው የገነዝኳት።”

በስመ አብ! 

“የራስሽንስ?” አለችኝ። “ሰማያዊሽን አምጪው እስቲ።”

የሰሜኑን ቀሚሴን፣ እናቴ የሰጠችኝን፣ ከመስቀያው አወረድኩትና ትከሻዬ ላይ ለካሁት። ወገቡ በስንዝር ጠቧል። ቁመቱ እስከ መጨረሻው ተፈቶ ወለሉን ይጠርጋል። ለረጅም፣ ለቀጭን ሴት ሆኗል። ጉንቮር ጠርዙን በጣቷ ነካችና እጇን ቶሎ ሰበሰበች። እኔም ጎንበስ ብዬ ነካሁት። ርጥብ ነው። ሣርና ነጭ የፖም አበባ ተጣብቆበታል።

“አውልቂው! ማሪት፣ ቀዩን አሁኑኑ አውልቂው!”

ወደ ብርሃኑ፣ ወደ መስኮቱ ሮጥኩ። ቁልፎቹን ብጎትት፣ ብጠመዝዝ አልላቀቅ አሉኝ። ታች ሃልቫርድ ቀና ብሎ አየኝ። ብሩሹ ከእጁ ወደቀ። እኔን እንዲህ ባለ ድምፅ ጠርቶኝ አያውቅም።

“አስላውግ?”

ማሪት ነኝ ልለው አፌን ከፈትኩ።

“አቤት” አልኩት።