ፈቃድ ጥየቃ በጥቁር ሱፍ

ፍሬው የበሩን ደወል ሊጫን ጣቱን ዘረጋና መልሶ ኪሱ ከተተው። አሁንም አቃተው። አየር ማረፊያ ከፖሊስ ጋር ተከራክሮ መኪናውን የሚያስለቅቅ ሰው፣ አንዲት ሴትዮ ጓሯቸውን እንዲያስፈትሹት መጠየቅ ከብዶት በራቸው ላይ ላብ በላብ ሆኗል። በራሱ በግኗል።

ጓሮው ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ጀርባ ነው፤ ሣር እንኳ በቅጡ የማይበቅልበት ደረቅ መሬት። ቤቱ ግን ከሰፈሩ አሮጌ ቤቶች አንዱ ነው፤ ስንት ሰው ኖሮበታል፣ ስንቱ ሳንቲም ከኪስ፣ ስንቱ ቀለበት ከጣት ሾልኮ ቀርቶበታል። ፍሬው ከመሬት ሥር ብረት ሲያገኝ የሚጮኸውን ሜታል ዲቴክተር ከገዛ ወዲህ የፈተሸው የባሕር ዳርቻ አሸዋ ብቻ ነው። እዚያ ባለቤት የለም፣ ማስፈቀድ የለም፤ የሚገኘውም የቢራ ቆርኪ ነው። በጋውን ሙሉ በዚህ በር እያለፈ ነገ እጠይቃለሁ ሲል ከረመ።

ትናንት ሚስቱ ራኬብ ወሬ ይዛ ገባች። የቤቱ ባለቤት እትዬ ለተማርያም ጓሯቸውን ለምግብ ቤት ደንበኞች ፓርኪንግ ሊያከራዩ ነው፤ ኮንክሪት የሚያፈሱት ሰዎች በነጋታው ጠዋት ይመጣሉ። ከዚያ በኋላ ያ መሬት እስከ ምጽአት አይከፈትም። ወይ ጠይቅ ወይ ማሽኑን ሽጠው ብላው ተኛች።

ስለዚህ ከሌሊት ሥራው በቀጥታ መጣ። የሊሞ ኪራይ መኪና አሠሪዎቹ የሚያስለብሱትን ጥቁር ሱፍ፣ ጥቁር ከረባትና የሾፌር ባርኔጣ እንኳ አልቀየረም። የፈቃድ አጠያየቁን ከኢንተርኔት ቪዲዮ አጥንቷል። ማሽኑን ይዘህ አትቅረብ፣ ባርኔጣህን አውልቅ፣ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ተናገር፣ ሰውዬው ዘና ብሎ ይስማህ ይላል የቪዲዮው ፈረንጅ። እሱ እንዲህ ብሎ አንድ እርሻ ሙሉ ተፈቅዶለታል።

ደወሉን ተጫነው።

እትዬ ለተማርያም ነጠላቸውን እየደረቡ ከፈቱ። ከቤተ ክርስቲያን ስለሚያውቁት ፈገግ አሉ። ከዚያ ሱፉን አዩት። ከረባቱን፣ ደረቱ ላይ ያስጠጋውን ባርኔጣ አዩት። ፈገግታው ከፊታቸው ጠፋ።

"እንደምን አደሩ፣ እትዬ" አለ ፍሬው፣ ባጠናው ዝቅ ያለ ድምፅ። "ሳልደውል በጠዋት ስለመጣሁ ይቅርታ። አንድ የምነግርዎ ነገር ነበር። እስቲ መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ።"

አልተቀመጡም። የበሩን መቃን ያዙ።

"ብቻህን ነው የላኩህ?" አሉ።

ጥያቄው አልገባውም። ማን ይልከዋል? ራኬብን ማለታቸው መሰለውና፣ ነገሩን የነገረችው ራኬብ እንደሆነች፣ እሱ ግን መናገሩ ከብዶት ዛሬ ነገ ሲል እንደቆየ አስረዳ። አንድም ውሸት አልነበረበትም፤ ያንን ሁሉ እውነት ግን ምነው ባልተናገረ።

"ብርሃኑ ነው" አሉ እትዬ ለተማርያም። "ወንድሜ ነው። ደሴ ሆስፒታል ከገባ ጀምሮ ልቤ ነግሮኛል። መቼ ነው? ደብቃችሁኝ ነው የከረማችሁት?"

ነጠላቸውን ከትከሻቸው ገፈው ወገባቸው ላይ ሊያሸርጡ ጀመሩ። ያን ጊዜ ነው ፍሬው ራሱን በእሳቸው ዓይን ያየው። በጠዋት፣ ሳይደውል፣ ጥቁር ለብሶ፣ ቁጭ ይበሉ የሚል ሰው ምን ይዞ ይመጣል? ክው አለ። በጋውን ሙሉ አልወጣም ያለው ቃል አሁን ተንደርድሮ ወጣ።

"ማንም አልሞተም፣ እትዬ። ጓሮዎን ነው። ኮንክሪቱ ሳይፈስ በሜታል ዲቴክተር እንድፈትሽ ፐርሚሽን ልጠይቅዎ ነው። ሌላ ምንም የለም፤ ማርያምን፣ ምንም የለም።"

ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ። ነገሩ እስኪገባቸው ከራሱ እስከ እግሩ አዩት። ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ጉልበቱን መቱት።

"አንተ ልጅ፣ ልትገድለኝ ነው? እንደ ሰው ደውለህ አትጠይቅም? ቆፍር። ውሃ እስኪወጣ ቆፍር። ብቻ ያንን ልብስ ከዓይኔ አርቅልኝ።"

ፈቃዱን አገኘ፤ ግን ምን ደስታ አለው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። ኮቱንና ከረባቱን መኪናው ውስጥ ወርውሮ፣ ቪዲዮውንም ፈረንጁንም ራሱንም እየረገመ ማሽኑን ይዞ ወደ ጓሮ ዞረ። እትዬ ለተማርያም የወጥ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ደሴ ይደውላሉ።  መስመሩ ገብቶ ተቋረጠ፤ እንደገና ደወሉ።

ማሽኑ አጥሩ ሥር ጮኸ። ወፍራም፣ የማያቋርጥ ድምፅ ነው፤ የቆርኪ ድምፅ አይደለም። ፍሬው ተንበረከከ። ልክ ያኔ የኮንክሪቱ መኪና እያጓራ፣ እየጮኸ ወደ ኋላ ወደ ጓሮው መግባት ጀመረ።

"አይሰማኝም" አሉ እትዬ ለተማርያም፣ አንድ ጆሯቸውን በመዳፋቸው ደፍነው። "ማሪያዬ፣ እየጠራ ነው፤ አይሰማኝም።"

ፍሬው ማሽኑን አጥፍቶ መሬት ላይ ጣለውና ወደ መኪናው ሄደ። እጁን አንሥቶ አስቆመው፤ ሞተሩን እንዲያጠፋና ትንሽ እንዲታገሥ ሾፌሩን ጠየቀው። ሾፌሩ ፊቱን አጨማደደ፣ ሰዓቱን አየ፣ አጠፋው። ፍሬው የማያውቀውን ሰው መጠየቁ ትዝ ያለው ሲመለስ ነው።

ጓሮው ጸጥ አለ። ከስልኩ መጀመሪያ የተሰማው ሳል ነው፤ ደረት የሚቀድ፣ የበሽተኛ ሳል።

"እታለም?" አለ የወንድማቸው ድምፅ። "ምነው፣ በደህና ነው?"

እትዬ ለተማርያም ስልኩን ጆሯቸው ላይ አጥብቀው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሳሉን ያዳምጡ ነበር። ፍሬው ወደተወው ቦታ ተመልሶ ተንበረከከ፤ ማሽኑን ግን አላበራውም።