ኢቲ ሃያ

አዳዳ ሎሚ ከኋላ ገብታ ቁጭ ከማለቷ፣ የቶፊቅ ቪትዝ መኪና ግቢው በር ላይ ስትታጠፍ «ክርርር» አለች። ቶፊቅ ፍሬን ያዘ። ሙሽራ ሆኖ፣ ሱፍ ለብሶ፣ ገና ከበር ሳይወጣ!

ሚዜዎቹ ወርደው አዩ። የኋላው ጎማ ከበላዩ ያለውን መሸፈኛ፣ ፓራፋንጎውን፣ እየፋቀ ነው። አዳዳ ወረደችና መኪናዋ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ብትል ኮሽ አላለችም። ተመልሳ ስትገባ ግን ያው ክርርር። አንዱ ሚዜ ሳቁን በእጁ አፈነ፤ ምን ያደርጋል፣ አዳዳ አይታዋለች።

ሰውነተ ሙሉዋ ሎሚ የቶፊቅ አባት እህት፣ በኦሮምኛው አዳዳው፣ ናት። እናቱ ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ሙሽራዋን ሰቢሪናን ከጎባ ለማምጣት ሲኬድም ከልጇ መኪና ሌላ እንደማትሳፈር ሮቤ ሁሉ ያውቃል። ልጁ ገና ጥርሱን ሳይነቅል ጀምራ ስትፎክር የኖረችው በዚህ ቀን ነው።

አሁን ሻሿን አስተካከለችና «እናንተ ሂዱ፣ ኢልማ ኮ፣ ልጄ። እኔ በባጃጅ እደርሳለሁ» አለች። ድምፅዋ ደህና ነበር። ዓይኗን ግን ከመሬት አላነሳችም።

ዲኖ የሚባለው ሚዜ የሚኒባስ ሾፌር ነው፤ ከደሎ መና የገባው ገና ጠዋት ነው። ጎንበስ ብሎ ጎማውን አየና ጎማዎቹ የተገጠሙባቸው ቸርኬዎች መቼ እንደተቀየሩ ጠየቀ። ትናንት ነው፣ እኛው ነን የቀየርነው አሉት። ስፖርት ቸርኬዎቹን ቶፊቅ ለዚሁ ቀን ብሎ ከአዲስ አበባ ነበር ያስመጣቸው። ከጀርባቸው «ET 20» የሚል ተቀርጿል፤ እሱም ለመጣ ለሄደው ሁሉ፣ ይኼ አውሮፕላናችን ላይ ያለው ኢቲ እኮ ነው፣ ለኢትዮጵያ መንገድ ተብሎ የተሠራ ነው እያለ ሲያስረዳ ሰንብቷል። የሰማው ሁሉ ማሻአላህ ብሏል፤ ማን ይከራከራል?

ዲኖ ይህን ሲሰማ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። ሳቁ ሲወጣለት፣ ግቢው ጥግ ከተቆለሉት የድሮ ጥቁር ቸርኬዎች አንዱን ገለበጠ። እሱ ላይ ደግሞ «ET 45» ይላል። ኢቲ አገር አይደለም፣ ልኬት ነው አለ፤ ቸርኬው በቡሎን የሚታሰርበት ፊት ከወርዱ መሃል ምን ያህል ወደ ውጭ እንደሆነ የሚናገር ሚሊሜትር ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ጎማው ከመኪናው ወደ ውጭ ይወጣል። የቶፊቅ ጎማ ሃያ አምስት ሚሊሜትር፣ አንድ አውራ ጣት ያህል፣ ወጥቷል፤ ሰው ሲሳፈርና መኪናዋ ዝቅ ስትል ፓራፋንጎው ቁጭ ይልበታል።

አዳዳ መንገድ ዳር ባጃጅ እያስቆመች ነበር። ዲኖ ሮጦ ደረሰባት።

«አዳዳ፣ ይመለሱ። እርስዎ አይደሉም፣ ቁጥሩ ነው።»

አላመነችውም። ሊያጽናናት የመጣ መሰላት። ተመልሳ ግን ያን የሳቀውን ሚዜና ሌሎች ሁለት ሸንበቆ የመሰሉ ልጆች በጣቷ ጠራች፤ ከኋላ ደርድራ «ንዳ» አለችው ቶፊቅን። ክርርር! አዳዳ በሁለት እጇ ጉልበቷን ይዛ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። «እናንተም ፆማችሁን እደሩዋ» አለቻቸው።

የድሮውን ቸርኬ ከመለስን ፎቶውስ፣ ሰቢሪናስ ምን ትላለች፣ አማቾቹስ ያሉ ነበሩ። ቶፊቅ ኮቱን አውልቆ ለዲኖ አሸከመና ክሪኩን ራሱ ከመኪናዋ ስር አስገባ። ተረባርበው አራቱንም ጥቁር ቸርኬዎች መለሱ። የነጭ ሸሚዙን እጅጌ ግሪስ ነካው፤ ይንካው።

ሲነሱ አዳዳ ሎሚ የወንበሩ ጫፍ ላይ ነበረች፤ የፊቱን ወንበር በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ትንፋሿን ውጣ። ከዋናው መንገድ ሲደርሱ ቶፊቅ መሪውን እስከ መጨረሻው ወደ ጎባ አጠፈና ጆሮውን አቆመ። ምንም የለም። ከኋላው ወንበሩ ሲጢጥ አለ፤ አዳዳ እጇን ለቃ፣ ሰውነቷን እንዳለ ወደ ኋላ ጥላ ተደላደለች። ከዚያ እልልታዋ መጣ።